በመካነ ብርሃን ደጅ ላይ የቆመው ጠረጴዛ

ከጎንደር ከተመለስሁ ወዲህ ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ግንቡ ነው። ግንቡን አይቼዋለሁ፤ ያማረ ነው፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም። ከዚያ አገር ሐሳቤ ውስጥ ይዤው የተመለስሁት አንድ እግሩ የሚወላገድ ጠረጴዛ ነው። ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ ደብረ ብርሃንን እንኳ ላላያችሁ፣ ወደፊትም ለመሄድ አሳቡ ለሌላችሁ ጎረቤቶቼ ነገሩን ከመነሻው ላጫውታችሁ።

የሄድሁት ለምርጫ ምዝገባ ነው። አዲሱ ሕገ መንግሥት ሴትም እንደ ወንድ የሕዝብ እንደራሴ እንድትመርጥ ስለፈቀደ፣ እኛ በአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የምናስተምር ሴቶች ተሰባስበን በየጠቅላይ ግዛቱ ሄደን ለሴቶች እናስረዳለን ብለን ተነሣን። ዕጣ ሲወጣ ለእኔ በጌምድርና ስሜን ደረሰኝ። ሐረር የደረሳት ጓደኛዬ ደስ ብሏት ስትስቅ እኔ ብርዱን እያሰብሁ አኮረፍሁ። እናቴ አንድ ሹራብና አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ከበሶ ጋር በቦርሳዬ ከተተችልኝ፤ ዘይቱ ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አልነገረችኝም።

ቅዳሜ

አውሮፕላኑ ከሰውና ከዕቃ የትኛውን እንደጫነ ለማወቅ ያስቸግር ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ነጋዴ መንገዱን ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ማርያም ደገሙ፤ እኔም ባላሳይም አብሬ ደገምሁ። አዘዞ ስንወርድ ፀሐዩ ደማቅ፣ አየሩ ቀለል ያለ ሆኖ አገኘሁት፤ የፈራሁት ብርድ የለም። በዚህ የተነሣ ሹራቡን የያዝሁት በከንቱ ነው ብዬ ተጸጸትሁ፤ በኋላ ይህን ጸጸቴን ተጸጸትሁበት።

ማረፊያዬ ጣልያን ከሠራቸው ቤቶች በአንዱ ነበር። መስኮቱ ሰፊ፣ አልጋው ግን መሐሉ የጎደጎደ ስለሆነ የተኛ ሰው የግድ መሐል ይገባል። ከሰዓት በኋላ ጃንጥላ ልገዛ ወደ ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ። የገበያው ሴቶች አስደነቁኝ፤ እንደኛ አገር ሻጭ ዋጋ ሲጠሩ አይለማመጡም፤ ዓይን ዓይን እያዩ ይከራከራሉ። እነዚህን ለምዝገባ ማምጣት ምን ያስቸግራል ብዬ ልቤ ሞላ።

እዚያው ሁለት ሰዎች በአንድ በግ ተጣሉ። ጎልማሳውና ግዙፉ ሰው ዱላውን አነሣ። ሌላው ከሲታ ሽማግሌ ነበሩ፤ አልሸሹም፤ ረጋ ብለው «በሕግ አምላክ» አሉት። ዱላው አየር ላይ ቀረ። ግዙፉ ሰው እንደታሰረ ቆመ። ከዚያ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ በመንገድ የሚያልፍ አንድ ሰው ለምነው ዳኛ አደረጉትና ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። አዲስ አበባ ቢሆን ፖሊስ እስኪመጣ በጉ ተበልቶ ነበር። ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ሰው ሲያቆም ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

እሑድ

የምርጫውን ሥራ የሚመራው ሹም ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ምሳ ጋበዘኝ። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም የለም፤ ዶሮው ቀርቦ ነበር። ሹሙ ሥራውን በትጋት እንደያዘው ያስታውቃል። በየወረዳው የምዝገባው ጠረጴዛ በደብሩ ቅጥር ውስጥ እንዲቆም ያዘዘው እሱ ነው፤ ሕዝቡ ጽሕፈት ቤት ይፈራል፣ ቤተ ክርስቲያኑን ግን ያከብራል አለኝ። ያም ሆኖ ሴቶቹ እንዳልመጡለት፣ ነገሩን እንደማይፈልጉት ነገረኝ። ራቅ ያሉት ወረዳዎች የሚያበቁት በመጪው ዓርብ ሲሆን፣ በመንገድ ዳር ያሉት ዘግይተው ስለጀመሩ እስከ ቀጣዩ ማክሰኞ ይሠራሉ።

የወገራ ተወላጅ የሆነችው ባለቤቱ ወጥ ልትጨምርልኝ ጎንበስ እንዳለች ቆም ብላ፣ ጠረጴዛው ቅጥሩ ውስጥ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ከዚያ የተሻለ ሥፍራ የት ይገኛል አላት። እሷም ወጡን ጨመረችልኝ እንጂ ሌላ አልተናገረችም። እኔም «አይፈልጉትም» ባለው ተናድጄ ስለነበር ለጥያቄዋ ልብ አልሰጠሁትም።

ሰኞ

ወደ ደባርቅ የሚሄደው ማኪና ሾፌር ኩሩ ሰው ነበር። ከፈለገበት በቀር እንደማይቆም፣ ለደጃዝማችም ቢሆን እንደማይቆም ገና ስንሳፈር ነገረን። አንዲት ሴት መንገድ ላይ ዶሮዋ አምልጣ በመስኮት ስትወጣባት ለመነችው፤ አልቆመም። ዶሮዋ የቀረችው እዚያው ነው።

አምባ ጊዮርጊስ ልንገባ ስንል በመንገዱ ዳር ያለውን ቤተ ክርስቲያን አየሁት። በቅጥሩ ግንብ ሥር ብዙ ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ አሮጊቶች ደግሞ በትራቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ይገባሉ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ምዝገባ ነው አለኝ። የተቀመጡት ፀሐይ የሚሞቁ መሰሉኝ። ከተማው ውስጥ ማኪናው ሰው ለመጫን ሲቆም ቆሎ ገዛሁ፤ የዚያ አገር የገብስ ቆሎ ከኛው ይልቅ ሸጋ ነው፤ ሸጋ ማለትን የለመድሁትም ከሻጯ ነው።

ማክሰኞና ረቡዕ

ከደባርቅ ወዲያ ማኪና አይሄድም። በቅሎ የተከራየሁት ከአያ ደሴ ነው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ሲናገሩ ከእኔ ይልቅ ከበቅሎዋ ጋር ይበዛሉ። በቅሎ ላይ ተቀምጬ የማላውቅ መሆኔን የነገርኋቸው ከተቀመጥሁ በኋላ ነው። ታውቃለች፣ አይዞሽ አሉኝ፤ ታውቃለች ያሉት ስለ በቅሎዋ ነበር።

መንገዱ በገደል አፋፍ ላይ ይሄዳል። ቁልቁል ሲያዩት ደመናው ከእግር በታች ነው። እንጦጦ ላይ ቆሜ ከፍታ አየሁ እል የነበርሁት ሴት አፈርሁ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር እየነጩ እኛን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ሲያሳልፉን፣ በቅሎዋ አንዱን ሸሽታ ዘለለችና የግራ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ወደ ገደሉ ሄደ። ስጮኽ አያ ደሴ ዞር ብለው ጫማው የወደቀበትን ተመለከቱና «እሱስ ከእኛ ቀድሞ ቆላ ደረሰ» አሉ።

ያን ቀን ያሳደረችን ባለቤት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። እግሬን አይታ ሳትጠይቀኝ ከአጎዛዋ ቆርጣ፣ ፀጉሩን ወደ ውስጥ አድርጋ በጠፍር ጠቀለለችልኝ። ልከፍላት ብል ተቆጣች። የገብስ እንጀራ በአልጫ ሽሮ አቀረበችልን፤ መደቡን ለእኔ ለቃ እሷ ምድጃ ዳር ተኛች። በማግስቱ በቧሂት በኩል ስናልፍ በረዶ ወረደብን፤ እናቴ ሹራቡን ስላስያዘችኝ መረቅኋት። የቀኝ እግሬ በሱቅ ጫማ ሲደነዝዝ የግራ እግሬ በበግ ቆዳ ሞቆ ዋለ።

ሐሙስ

መካነ ብርሃን የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ያረፍሁት መሪጌታ ላቀው ቤት ነበር። እሳቸው የደብሩ መሪጌታ፣ የምዝገባውም ታዛቢ ናቸው፤ ድምፃቸው ሲያስነጥሱም ዜማ አለው። ባለቤታቸው እሜቴ ብርቄ እግሬን በሙቅ ውኃ አጠቡኝ፤ እምቢ ብል የማይሆን ነገር ነበር። በቤቱ ያገኘኋት ሦስተኛዋ ሰው የወንድ ልጃቸው ሚስት እንጉዳይ ናት። ባሏ ጨው ሊያመጣ ወርዶ ነበር። ከአራስ ቤት ወጥታ ሥራ ጀምራለች፣ ሕፃኗ ግን ገና ክርስትና ያልተነሣች ጨቅላ ናት። በአማቷ በመሪጌታ ፊት ስትሆን ነጠላዋን እስከ አፏ ትሸፈናለች፤ ከተጋባች ጀምሮ በፊታቸው ድምፅ አውጥታ እንደማታውቅ እሜቴ ብርቄ እየኮሩ ነገሩኝ።

መሪጌታ በምዝገባው ደስታቸው ታላቅ ነበር። ቅጥሩን ለጠረጴዛው የፈቀዱት እሳቸው ናቸው፤ ከእግዚአብሔር ቤት የሚበልጥ ክብር ለዚህ ሥራ የት ይገኛል አሉኝ። ሴቶቹ ግን አልመጡም፤ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ አዝነዋል።

እሳቸው ለጸሎት ሲወጡ እንጉዳይ ልጇን እያጠባች ነገ ያበቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያበቃል አልኋት። ከእናቷ የወረሰችው ርስት አለ፤ በስሟ ነው።

«ግብር ሲሆን ስሜን ከነአባቴ ስም ይጠሩታል» አለችኝ። «እኔም አቤት እላለሁ። ለግብር ሰው ከሆንሁ ለዚህ ምነው ሰው አልሆን?»

ታዲያ ለምን አልተመዘገብሽም አልኋት። ዞር ብላ እሜቴ ብርቄን አየች። ዓይን አፋርነት መሰለኝ። ነገ እጅሽን ይዤ ራሴ አስገባሻለሁ አልኋት። በዚህ ጊዜ እሜቴ ብርቄ እሳቱን ቆሰቆሱት። የተናገርሁት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ተኛሁ።

ዓርብ

ከቅጥሩ በር ላይ ጫማ ይወልቃል፤ የግራውን ለመፍታት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝና ወንዶቹ ቆመው ጠበቁኝ። ጠረጴዛው ከጥዱ ሥር ነበር፤ ጸሐፊው አቶ ሙሉጌታ ከጎንደር የተላከ ወጣት ነው፤ ሥርዓት ያጠብቃል። ወንዶቹ በተራ ይጠራሉ፣ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያትማሉ። ከሴቶች የመጡት አሮጊቶች ብቻ ናቸው። ነጭ የለበሱ፣ ጎንበስ ያሉ፣ ለጸሐፊው ምርቃት የሚያወርዱ አሮጊቶች። አምባ ጊዮርጊስም ያየሁት ይህንኑ ነበር። የዚህ አገር አሮጊቶች ምክር ቤት እንዴት ወደዱ እያልሁ ለብቻዬ ተገረምሁ።

አዲስ አበባ ያዘጋጀሁትን ንግግር አወጣሁና ስለ ሴቶች መብት በጥሩ ድምፅ አነበብሁ። የሰሙኝ ወንዶችና አሮጊቶቹ ናቸው። ወንዶቹ በአክብሮት አዳመጡኝ፤ ስጨርስ አንዱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለ። ሴቶቹ ሁሉ ግን በግንቡ ማዶ፣ ከበሩ ውጭ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ እንጉዳይም ልጇን ታቅፋ ከመሐላቸው አለች። ወጥቼ ግቡ አልኋቸው። ፈገግ አሉ። እዚሁ ይሻለናል አሉ። ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፤ እነሱም በትሕትና እንደተቀመጡ ናቸው። ቀኑ ሲያዘነብል የሹሙ ቃል አፌ ላይ መጣብኝ፤ አይፈልጉትም ልል ነበር።

እሜቴ ብርቄ ነጠላዬን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝና በጆሮዬ ነገሩኝ። የወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ቅጥር አትገባም። የወለደች ሴትም፣ ልጁ ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ሳይሞላት አትገባም። በሰንበት ሴቶች ከደጅ ሆነው ሲያስቀድሱ ማን ምን ሆና ቀረች ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጸሐፊው ግን ስም እየጠራ፣ በወንዶች ሁሉ ፊት፣ ምነው አትገባም ይላል። የሚገቡት ከገቡ ያልገቡት ይታወቃሉ። ስለዚህ አንዷ እንዳታፍር ሁሉም ውጭ ቀሩ። አሮጊቶቹ ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ስለሆኑ ይገባሉ።

ሣቅም ዕፍረትም አንድ ላይ ያዘኝ። ሹሙ ወንድ ነው፣ መሪጌታም ወንድ ናቸው፤ እኔስ ምን ነካኝ? የሹሙ ሚስት በአንድ ጥያቄ የደረሰችበትን እኔ ያን ሁሉ ገደል ተሻግሬ አልደረስሁበትም።

ወዲያው ወደ ጸሐፊው ሄጄ ጠረጴዛውን ወደ ውጭ እናውጣው አልሁት። ትእዛዙ በደብሩ ቅጥር ይላል፤ ከቅጥር ከወጣ ምዝገባው ይፈርሳል፤ ደግሞስ ምክንያቱ ምንድን ነው አለኝ። ወንዶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ስለ መብት በወረቀት ሙሉ የተናገርሁት ሴት ያን አንድ ነገር በፊታቸው ማለት አቃተኝ። ጎሮሮዬን ጠራረግሁ፤ ስለ አየሩ ተናገርሁ። አቶ ሙሉጌታም ፀሐይዋን አየና የቀለሙን ክዳን መግጠም ጀመረ። የእንጉዳይ ዕድል በዚያ ክዳን ሊዘጋ መሆኑን እያየሁ ቆሜያለሁ።

«በሕግ አምላክ፣ ጸሐፊ፤ እንዳይነሡ።»

ድምፁ የመጣው ከበሩ ማዶ ነው። የጸሐፊው እጅ ክዳኑ ላይ ቀረ። መሪጌታ ድምፁን ለዩት፤ ፊታቸው ተለወጠ። በሩ ላይ፣ ከመድረኩ አንድ እርምጃ ወዲያ፣ እንጉዳይ ልጇን ታቅፋ ቆማለች፤ ነጠላዋ ከአፏ ላይ ወርዷል።

ጸሐፊው ቃሉ ይዞታልና ወደ በሩ ሄደ። ማንን እንደምትከስ ጠየቃት። እርስዎን አለችው፤ ስሜን ሳይጽፉ ሊሄዱ ነው። እሱም ግቢና ልጻፍሽ አላት።

«ልጄ ሴት ናት። ሰማንያው አልሞላልኝም» አለች። ዓይኗን ከአማቷ ላይ አላነሣችም። «ልግባ ብል አባቴ ይፈቅዳሉ?»

ከኋላዋ ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ቆመዋል፤ መሪጌታም አንድ በአንድ አዩአቸው፤ ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል፤ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ሥርዓቱ አይሻርም አሉ። ጸሐፊውም ቶሎ ብሎ ትእዛዙም አይሻርም አለ። እኔ ሁሉም ነገር ያበቃ መስሎኝ እንባዬ መጣ።

መሪጌታ ግን ኩታቸውን በትከሻቸው አጣፍተው ወደ ጥዱ ሄዱ። ጠረጴዛውን ብቻቸውን አነሡት፤ ሊያግዛቸው የመጣውን በዓይናቸው መለሱት። በበሩ መሐል አቆሙት፤ ሁለት እግሩ ከቅጥሩ ውስጥ፣ ሁለት እግሩ ከቅጥሩ ውጭ። ከዚያ በርጩማውን ለጸሐፊው በውስጥ በኩል አስቀመጡለት።

«አንተም አልወጣህ፣ እሷም አልገባች» አሉት። «ጻፍ።»

ከውጭ ያለው አንድ እግር ቁልቁለቱ ላይ ስለሆነ ጠረጴዛው ይወላገድ ነበር፤ እሜቴ ብርቄ ድንጋይ አምጥተው ከሥሩ አስገቡ። እንጉዳይ ሕፃኗን ለእኔ ሰጥታ ስሟን ከነአባቷ ተናገረች፤ ጣቷን ነክራ አተመች። ከኋላዋ ሌላዋ መጣች፣ ሌላዋም። ያለ ባሎቻቸው ምክር ምን ያውቃሉ ብሎ ያጉረመረመ አንድ ሰው ነበር፤ ወዲያው ሚስቱ ተራዋ ደርሶ ስሟን ስትጠራ ሰምቶ ዝም አለ። ሲጨላልም መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ጧፍ አስመጥተው ራሳቸው ያዙለት።

ማታ ራት ላይ እንጉዳይ ነጠላዋን እስከ አፏ ተሸፍና ውኃ ልታስታጥባቸው መጣች፤ ቀና ብላ አላየቻቸውም። መሪጌታ እጃቸውን ሲታጠቡ «ይህን የመሰለ ድምፅ ቤቴ ውስጥ ነበር?» አሏት። «ተማሪዎቼ ይኸን ያህል አያወጡም።» ነጠላዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ስትስቅ ነበር።

መልስ

ወደ ደባርቅ የተመለስነው በመጣንበት መንገድ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት አጎዛው ላልቶ አይታ አጠበቀችልኝ፤ የመካነ ብርሃንን ነገር ስነግራት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። አያ ደሴ ግን ከእኔ ጋር ማውራት ጀመሩ፤ በቅሎዋ ቅር ያላት ይመስላል። ጫማዬን ስንፈልግ አላገኘነውም።

ማክሰኞ ጠዋት ያው ሾፌር፣ ያው ማኪና። ሰው ሞልቶ ስለነበር አምባ ጊዮርጊስ እንደማይቆም፣ ዝናቡ ሳይዘው ጎንደር መግባት እንደሚፈልግ ነገረን። ከተማውን እንዳለፍን ቤተ ክርስቲያኑ ታየኝ። የመጨረሻው ቀን ነው። ሴቶቹ በግንቡ ሥር ተደርድረዋል፤ ነጠላቸውን ተከናንበዋል፤ አንዲት አሮጊት በበትሯ እየተደገፈች ትገባለች። በበሩ በኩል ጠረጴዛው በሩቅ፣ ከዛፍ ሥር ይታያል።

ሾፌሩን እንዲያቆም ለመንሁት። አልሰማኝም፤ የሰማኝም ቢሆን አይቆምም። ግንቡ በመስኮቱ በኩል ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። እኔ ያን ቃል በሕይወቴ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም፤ ለእኔ የሚሠራም አይመስለኝም ነበር። ብድግ አልሁ።

«በሕግ አምላክ፣ ቁም» አልሁት።

ድምፄ እንደ እንጉዳይ አልነበረም፤ ቀጭን ነበር። ማኪናው ተንገጫግጮ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና፣ መንገዱ ላይ ዳኛ እንደሚጠብቅ ሰው ዞር ብሎ ማንን እንደምከስ ጠየቀኝ።

«ጠረጴዛውን» አልሁት፤ ቦርሳዬንም ይዤ ወረድሁ።